የማንግ ሳቱርኒኖ የመጨረሻ ማካፑኖ

ላብራቶሪ ባለበት ከተማ ሁሉ ከላብራቶሪው የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አይታጣም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላጉና በሚገኘው የኮኮናት ላብራቶሪ ለምንሠራው ለእኛ የደረሱን ክቡር ማንግ ሳቱርኒኖ ናቸው፤ ማንግ በአገራችን ጋሼ እንደማለት ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ጥቂት፣ አስተያየታቸው ብዙ ነው።

ክቡርነታቸው ኮኮናት ሳይሰበር በጆሮ ያውቃሉ። ያነሡታል፣ ይነቀንቁታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውኃው ከተንቦጫረቀ ተራ ነው። ዝም ካለ ውስጡን ለስላሳ ሥጋ የሞላው ማካፑኖ ነው፤ አይስክሬም ቤቶች የሚሻሙበት። ስተው አያውቁም፤ ይህን የምመሰክረው እየመረረኝ ነው።

ጣጣው ተከላው ላይ ነው። ከአንድ ዛፍ ፍሬ ማካፑኖ የሚሆነው ቢበዛ ሩቡ ነው፤ እሱም አይበቅልም። ሌላው ገበሬ ማካፑኖውን ይሸጥና ተራውን ወንድሙን ይተክላል። እሳቸው ግን "ምርጡን በልቼ ተራውን ልትከል?" ይሉና በየዓመቱ አንድ ማካፑኖ ጓሯቸው ይቀብራሉ። በየዓመቱ ይበሰብሳል።

"ማንግ ሳቱርኒኖ፣ ማካፑኖው ውስጥ ያለው የዘሩ ጽንስ እኮ ደኅና ነው" አልኳቸው አንድ ቀን። "ያ ለስላሳ ሥጋ ሊመግበው ስለማይችል ነው በረሃብ የሚሞተው። አውጥተን ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ብንሰጠው ይበቅላል።"

"ኮኮናት አታስተምሪኝ፣ ልጄ። አንቺ ሳትወለጂ እኔ ዛፍ ላይ ነበርኩ።"

"ደግሞ ማካፑኖ የሚሆነው ከእናቲቱም፣ የአበባ ብናኙን ከሰጠው ዛፍም ሲወርስ ነው።"

"አባቱ የጎረቤቴ የዶሮቴዮ ዛፍ ነው ልትይኝ ነው? ዶሮቴዮ እንኳን ዛፉ፣ ራሱም ለሰው ምንም ሰጥቶ አያውቅ።"

ካቻምና አውሎ ነፋስ ዛፋቸውን ገነደሰው። ባለቤታቸው ፓሲታ በተጋቡበት ዓመት የተከለችው ነበር፤ እሷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በነጋታው ከወደቀው ዛፍ የተረፈችውን አንዲት ማካፑኖ በሸሚዛቸው ጠቅልለው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት።

"ይቺን ብቀብራት ትበሰብሳለች" አሉ። "ሌላ ደግሞ የለኝም።"

አንጀቴን በሉት።

ጽንሱ ከአተር ፍሬ አይበልጥም። አውጥተን ጠርሙስ ውስጥ ካስገባነው ጀምሮ ማንግ ሳቱርኒኖ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡ ጀመር። ስለ ክዳኑ ተቆጡኝ፣ ስለ መብራቱ ተቆጡኝ፣ ስለ ፀጉር አቆራረጤም ተቆጡኝ። እንግዳ ሲመጣ "ስኳሩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ" ይላሉ። አንድ ወር ሙሉ ጽንሱ አልነቃነቅ ብሎ ሲያስጨንቀን ግን ወንበር ስበው ከጠርሙሱ ፊት ለፊት ይቀመጡና ምንም አይናገሩም ነበር። ያኔ ቁጣቸው ናፈቀኝ።

በመጨረሻ በቀለች። ከጠርሙስ ወደ አፈር ከተዛወረች በኋላም ቅጠሏ ሦስት ሆነ። ጓሯቸው ለመተከል ከደረሰች እነሆ ወር አልፏታል።

ባለፈው ማክሰኞ "እንግዲህ ልውሰዳት?" አሉኝ።

"ገና ናት፤ ጥቂት ሳምንት ትቆይ" አልኳቸው። ዋሸሁ። እሷን ከወሰዱ ከዚያ ወዲያ ማን መጥቶ ይቆጣኛል?

ጎንበስ ብለው ቅጠሎቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሥሯ ዘንድ ያለውን አፈር በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ልክ ነሽ፣ ልጄ" አሉ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትውውቃችን ለመጀመሪያ ጊዜ። "ገና ናት።"