ዘጠኝ ጊዜ «አዎ»

ዓይናፋር ሰው ኮምፒዩተር አጠገብ ባይደርስ ለአገር ይበጃል! ኮምፒዩተር መጠየቅ ይወዳል፤ ዓይናፋር ደግሞ የጠየቀውን ሁሉ «አዎ» እያለ ይሸኛል። ከዚያ የሚመጣውን ጥፋት ከእኔ ስሙ፤ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁና።

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ እዚሁ ነቀምት ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከትውልድ መንደሬ ከጉቴ መጥቼ፣ ጋሽ ሽኩር ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነበር። የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሣጥን እያነሳሁ እደረድራለሁ፤ ታትሞ ሲያልቅ ወደየሣጥናቸው እመልሳለሁ። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ ሥራው አለቀ፣ ሁሉም ቦታው ገባ ማለት ነው። ለእንደኔ ዓይነቷ የተፈጠረ ሥራ! ፊደል «ቀና በይና እዪኝ» አይል፣ «ለምን ድምፅሽ አይሰማም» አይል...

አንድ ቀን ጋሽ ሽኩር ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር አስመጡ። ይዞት የመጣው ባለሙያ ግማሽ ቀን ሲገጣጥም ዋለና፣ በአሥር ደቂቃ አስተምሮኝ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ተነሳ።

«ገባሽ?»

«አዎ» አልኩ። አንድም ነገር አልገባኝም።

«የጠፋብሽ ካለ መመሪያው ላይ አለ። እሱ ከተጻፈ ወዲህ ፕሮግራሙ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ብዙም አይለይም።»

ብዙም አይለይም! መመሪያው በስቴንስል የተባዛ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። «በስተቀኝ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጫን» ይላል፤ የእኛ ነጭ ነው፣ ያለውም ከኋላ ነው። «አምፖሏ ብልጭ ትላለች» ይላል፤ አምፖል የሚባል የለም። አንድ ሰው ከፈረሰና እንደገና ከተሠራ ቤት ውስጥ «ወጥ ቤቱ በስተግራ ነው» እያለ ሲመራችሁ ከግድግዳ ጋር እንደምትጋጩ ቁጠሩት። ደግሞ «ተጫን»፣ «መልስ» እያለ የሚያናግረው ወንድ ነው። የሰው ደብዳቤ የከፈትኩ ይመስል እያፈርኩ አነበዋለሁ።

መመለሻም አልነበረኝም። የእርሳስ ፊደሎቼን ጋሽ ሽኩር ለባትሪ ጠጋኝ ሰጥተዋቸው በዚያው ሳምንት ቀልጠዋል። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ የመምህር ቶለሳ ልጅ የሠርግ ካርድ ሆነ።

«ሐሙስ ይደርሳል» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ሲሬና አንገር ጉቲን ላሉ ዘመዶች ይላካል። ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ ከአዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ታይፒስት አገኛለሁ። አንቺን ግን የት አደርግሻለሁ?»

የት እንደሚያደርጉኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ጉቴ።

ሰኞ ካርዱን ጻፍኩ። መመሪያው «ለማስቀመጥ ኤፍ ሦስትን ተጫን። ኮምፒዩተሩ ይጠይቅሃል፤ ዋይ ብለህ መልስ» ይላል። ዋይ የለቅሶ ቃል መሆኑን እያወቅኩ እንኳን አልጠረጠርኩም! ኤፍ ሦስትን ተጫንኩ። እውነትም በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። «ዋይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «አዎ» ማለቷ ነው፣ ተጫንኩለት። ጽሑፉ እልም አለ። ባዶ! እኔም እፎይ አልኩ... ጠረጴዛው ጸዳ፣ ፊደሉ ሣጥኑ ገባ!

ላውጣው ስል ግን አይወጣም። መመሪያው የነገረኝን ኤፍ አምስት ብጫን ባዶ ሣጥን ፈጠጠብኝ። ውስጥ ገብቶ መውጣት እንቢ ያለ መሰለኝ። እንደገና ጻፍኩ፤ አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው ይወጣል ብዬ። እንደገና አስቀመጥኩ። እንደገና...

«ደረሰ?» ይላሉ ጋሽ ሽኩር።

«ደርሷል ጋሼ፤ ውስጥ ነው።»

«ውስጥ የት?»

«ውስጥ።»

አሁን እናንተ «ምናለ ሰው ብትጠይቂ?» ትሉኛላችሁ። መምህር ቶለሳ እኮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው! ማክሰኞ ዕለት አጠገቤ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ነበር። አንድ ጊዜ «ደህና ነሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ።

ሐሙስ መምህሩ ካርዱን ሊወስዱ መጡ። «እስቲ አውጪላቸው!» አሉ ጋሽ ሽኩር፣ ደረታቸውን ነፍተው። ኤፍ አምስት። ባዶ ሣጥን። «አይወጣም» ከማለት ይሻላል ብዬ ለአሥረኛ ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ፤ ያውም ወረቀቱን ሳላይ! የሁለቱን ቤተሰብ ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት፣ የምሳውን ቦታ... በቃሌ አወረድኩት።

«አያዩዋትም? ሳታይ!» አሉ ጋሽ ሽኩር። «በሦስት ቀን እኮ ነው የተማረችው!»

ጨርሼ ኤፍ ሦስትን ተጫንኩ። ጥያቄው መጣ። ጣቴ ወደ «ዋይ» ሲሄድ መምህሩ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

«ኢንታላ ኮ! ቆዪ ልጄ! ምን እያለሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ላስቀምጠው ወይ... ነው የሚለኝ።»

«ሁሉንም ላጥፋው ወይ ነው የሚልሽ! ስንት ጊዜ እሺ አልሽው?»

«ዘጠኝ» አልኩ፣ ለጫማዬ።

መምህር ቶለሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የልጄን ሠርግ ዘጠኝ ጊዜ አጠፋሽው?»

ጋሽ ሽኩር ግድግዳውን ያዙ። ከዚያ መምህሩ ወደ ኮምፒዩተሩ ማያ ግርጌ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ጌጥ ነው ብዬ የተውኩትን የእንግሊዝኛ መስመር አነበቡ። «ይኸው ታች ተጽፏል፤ ማጥፊያው ኤፍ ሦስት፣ ማስቀመጫው ኤፍ ሁለት ነው።»

ኤፍ ሁለትን ተጫንኩ። ጽሑፉ እዚያው ቁጭ አለ።

«አልተቀመጠም» አልኩ።

«ተቀምጧል!»

«ከተቀመጠ ታዲያ ለምን ይታያል?»

መምህሩ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠማቸው አልመሰለኝም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ... መብራት ጠፋ! ማያው ጠቆረ። ጋሽ ሽኩር «ያ አላህ!» አሉ፤ መምህሩ «ጌታ ሆይ!» አሉ፤ እኔ ወደ ጉቴ የምሸከመውን ሻንጣ ማሰብ ጀመርኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሦስታችንም የጠቆረ ማያ ከበን፣ ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጥን።

መብራቱ ሲመጣ መምህሩ እያነበቡ፣ እኔ እየተጫንኩ ፈለግነው። ሠርጉ ወጣ! ምሳው ሳይቀር! ሌሊቱን ታትሞ፣ ዓርብ ጠዋት ካርዱ አውቶቡስ ላይ ነበር።

አውቶቡሱን ሸኝተን ስንመለስ ጋሽ ሽኩር አገጫቸውን እያሻሹ አዩኝ።

«እንግዲህ... ያንን ታይፒስት ልጥራው ወይ?»

አያችሁ? ሌላ ጥያቄ! አፌ በልማዱ «አ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። መሀል መንገድ ላይ እንዴት እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አ... አይጥሩት!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ሽኩር ደነገጡ። የእኔን ድንጋጤ ግን የሚያህለው አልነበረም።