የክቡር አስተያየት አጭር አስተያየት

ድረ ገጽ ሠሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ አዛውንት አይጠፉም። አዳራሹ ይቀያየራል፣ ተናጋሪው ይቀያየራል፣ እሳቸው ግን አሉ። እኛ «ክቡር አስተያየት» እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ከማይክሮፎን ጋር ታግለው ያገኙት ነው።

ተናጋሪው «አመሰግናለሁ» ብሎ አፉን ሳይከድን እጃቸው ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላሉ። «አጭር ነው» ብለው ይጨምራሉ። ይሄኔ ልምድ ያለን ሰዎች ወንበራችን ላይ እንመቻቻለን። የገጹ ቀለም ዓይን ይወጋል፣ ምሳሌው አርጅቷል፣ ተናጋሪውም ውሃ መጠጣት አብዝቷል ይላሉ። አንድ ወዳጄ ንግግሩን ጨርሶ በጓሮ በር ሹልክ ሊል ሲል ደረጃው ላይ ጠብቀው ይዘውታል። እኔም ስንቴ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተደብቄያቸዋለሁ!

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣች። ገጾች በደካማ ኔትወርክም ቶሎ እንዲከፈቱ ምን እንደሚደረግ ልታስረዳ ነው። ከቤት ስንወጣ «ካበላሸሁ ሁለተኛ መድረክ የሚባል ነገር አልረግጥም» ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው። ስለዚህ የክቡርነታቸው ታክሲ ጎማው እንዲተነፍስ ከልቤ ተመኘሁ። ቀድመውኝ ደርሰው ተቀምጠዋል።

እህቴ የሠራችውን ገጽ አድራሻ ስክሪኑ ላይ አውጥታ «በስልካችሁ ክፈቱትና ፍጥነቱን እዩት» አለች። አዳራሹ ሙሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ስትጨርስ ተጨበጨበላት። «በጣም ፈጣን ነው!» አለ አንዱ። «እንዴት ግሩም ነው!» አለች ሌላዋ።

ያ እጅ ተነሣ።

«አስተያየት ነው። አጭር ነው። ልጄ፣ ገጽሽ አልከፈት አለኝ።»

እህቴ ዞር ብላ ስክሪኑን አየችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያወጣችው የሙከራውን አድራሻ ኖሯል፤ ከራሷ ላፕቶፕ በቀር በማንም ስልክ አይከፈትም። አዳራሹ አውካካ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ ክቡር አስተያየት ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ፈጣን ነው ያላችሁት ታዲያ የቱን አይታችሁ ነው?» ሳቁ ቀጥ አለ። «አይዞሽ፣ እኔም በዚሁ ጉድ ሆኜ አውቃለሁ። በይ አሁን አስተካክይው፤ እንጠብቅሻለን።»

እዚያው ገጹን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችና አዲሱን አድራሻ አወጣች። እሳቸው ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ ስልካቸውን አፍንጫቸው ሥር አስጠጉ።

«ተከፈተልኝ!» ብለው ጮኹ። «ወዲያው ነው የተከፈተው! ፊደሉ ግን ያንሳል።»

እህቴ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ለሚቀጥለውም ይመጣሉ?»

«አለሁ፤ የት እሄዳለሁ ብለሽ?»

«እንግዲያው እኔም እናገራለሁ።»

ቦርሳቸውን ተቀብዬ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ አረማመዴ አስተያየት ሰጡኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ሰማኋቸው።