የጋሼ ውድነህና የጋዝ ማድረቂያው ጉዳይ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ በሩን ቆልፎ የሚሄድና ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚገፋው። ይህ ሁለተኛው የሌለበት ዕድርም፣ ማኅበርም፣ የሥራ ቦታም የለም። ወተቱን ሳያሸት አይጠጣም፤ አንድ ሐኪም የነገረውን ሌላ ሐኪም ሳይጠይቅ አያምንም፤ «በነፃ» የሚል ማስታወቂያ ካየ ኪሱን ይዳብሳል። ሠርካዲስ ዕጣ ፈንታዋ ሆኖ የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ ክቡር አቶ ውድነህ፣ የባሏ አጎት ናቸው። ይባስ ብሎ በሰው አገር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በከፈተችው የቲሸርት ማተሚያ ሱቅ የማሽን ጥገናው ኃላፊም እሳቸው ናቸው።

ማድረቂያው ያገለገለ ነው። የታተመውን ቲሸርት ተሸክሞ በጋዝ በሚነድ ረጅም ምድጃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ቀለሙ እዚያ ይበስላል። ፑዌብሎ ከተማ ሱቁን ከዘጋ ሰውዬ ሠርካዲስ ስትገዛው ጋሼ ውድነህ አብረዋት ነበሩ።

«ይቺ ነገር ደስ አላለችኝም» አሉ በመመለሻው መንገድ።

«ምኗ ጋሼ?»

«ደህና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ምን ያስቀዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የጋዙን ቧንቧ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ላይ የሳሙና ውሃ ይረጫሉ። አረፋ ካወጣ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው። አንድም ቀን አረፋ አላወጣም፤ እሳቸው ግን «ሲያየኝ ነው የሚጠነቀቀው» ይላሉ። የማሽኑ ስክሪን የሚያሳየውን ሙቀትም አያምኑም። «ቁጥር መጻፍማ ማንን ያቅተዋል?» ብለው የራሳቸውን ቴርሞሜትር ገዙ፤ ቀጥለውም ያንን የሚቆጣጠር ሌላ ቴርሞሜትር። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ቲሸርት ቻምበርስ ሮድ ወዳለው አፓርታማቸው ወስደው፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት ሦስት ጊዜ ያጥቡታል።

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የመርዘኛ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ሰቀሉ። ለሆሳዕና አንድ ሳምንት ሲቀር ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ጋሼ ውድነህ ቀለም ሊያመጡ ወጥተው ነበር። ሠርካዲስ «ይሄም እንደ ባለቤቱ ነው» ብላ ባትሪውን አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ውጭው በረዶ ስለነበር በሩ ተዘግቶ ይውላል። ሦስት መቶ የሰንበት ትምህርት ቤት ቲሸርት ለሆሳዕና መድረስ ነበረበት። ሠርካዲስ ከረፋዱ ጀምሮ ራሷን ያማታል። ቲሸርቱ ላይ ቀለም የምትጎትተው ሠራተኛዋ ፀዳልም ግንባሯን በነጠላዋ አስራ ነው የምትሠራው። ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ማንም አልተገረመም።

«ጾም ነው፤ ሲገደፍ ይለቃል» አለች ሠርካዲስ ዓርብ ዕለት።

ጋሼ ውድነህ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። «እኔንም ያመኛል። ግን ረቡዕ ሱቁ ዝግ ነበር፤ እስከ አሥር ሰዓት ጾሜ ምንም አልተሰማኝም። ጾሙ የሚያመን እዚህ ሲሆን ብቻ ነው?»

ወደ ግድግዳው ሄደው ማስጠንቀቂያውን አወረዱ።

«ባትሪው የታለ?»

«ጮኸብኝና አወጣሁት።»

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ይህ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት። ቀጥ ብለው ሄደው የጋዙን ቧንቧ ዘጉ፤ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ጋሼ፣ መቶ ሃያው ቲሸርት እርጥብ ነው! ሆሳዕና እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«ውጪ አልኩሽ። ፀዳል፣ አንቺም ውጪ።»

ጋሼ ውድነህ ደውለው ከጋዝ ድርጅቱ የጠሩት ሰውዬ ገና በሩን እንዳለፈ በእጁ የያዘው መለኪያ ይንጫጫ ጀመር። የማድረቂያውን ጭስ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ቱቦ ከኮርኒሱ በላይ ተላቆ ኖሯል። መርዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚወጣው ከቧንቧው ሳይሆን ከሚነደው እሳት ስለሆነ የሳሙናው አረፋም አያገኘውም። ሰውዬው ሁላችሁም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ አላቸው። ሲወጣ ጋሼ ውድነህ ወደ ሠርካዲስ ጠጋ ብለው «መታወቂያውን አይተሽዋል?» አሏት።

ሆሳዕና ያለ ቲሸርት ዋለች። ማንም አልሞተም።

በማግስቱ ሠርካዲስ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤቷ ደወለች። ሁለቱ ልጆቿ ሳሎን ውስጥ ይጫወታሉ፤ እሷ የውሃ ማሞቂያው ክፍል በር ላይ ቆማ መግባት አቅቷታል።

«ጋሼ፣ የቤቴም ውሃ ማሞቂያ በጋዝ ነው።»

«ምን ሸተተሽ?»

«ምንም አልሸተተኝም።»

የመኪናቸውን ቁልፍ ሲያነሱ ተሰማት።

«ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። መጣሁ።»

እሷም ከልጆቿ ጋር ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ያቺ አሮጌ መኪናቸው ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ስትል፣ በሕይወቷ ሰው መጣልኝ ብላ እንዲህ ተደስታ አታውቅም።