ታይቷል ይባላል

ወጣቶቹ በንጉሡ ዘመን ጋዜጠኝነት ያስፈራ ነበር ይሉኛል። የሚያስፈራውስ ስለ ሹም መጻፍ ነበር። የአንድ ምክትል ሚኒስትር ጉንፋን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ሦስት ቢሮ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ስለ በረኛ ለመጻፍ ግን እስክሪብቶ ይበቃል። በረኛ ምን ያመጣል?

እኔ የስፖርት ዓምድ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የምኖረው ኮልፌ። ከቤቴ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ የፋብሪካው ቡድን በረኛ ተካ ከእናቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖራል። አንድ እሁድ ለዋንጫ ሲጫወቱ፣ ሕፃን የሚይዘውን ኳስ በእግሮቹ መሃል አሳለፈና ቡድኑ ተሸነፈ። በማግስቱ ፀጉር ቤት ተቀምጬ አንድ ሰው፣ ተካ ቅዳሜ ዕለት ከተጋጣሚው ቡድን መሪ መኪና ሲወርድ አይቻለሁ አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ! ሄጄ እንዳልጠይቀው ሦስት አጥር ራቀኝ። «በረኛው በዋዜማው ከተጋጣሚው ሰዎች ጋር ታይቷል ይባላል» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን አልጠቀስኩም፤ ጨዋ ነኛ! በዚያ ቀን በሩ ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ረስቼ ነው።

ፋብሪካው ተካን ከቡድኑም ከሥራውም አገደው። ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ ሲያርፍ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ አንገቴን እሰብራለሁ።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ጋዜጣውን ይዘው ቆመዋል። ይግቡ ብል እምቢ አሉ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንብብልኝ።»

አነበብኩ።

«ይባላል ያለው ማነው?»

«ሰዎች ናቸው፣ እትዬ።»

«ስማቸውስ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ይህ ግስ ባለቤት እንደሌለው የነገሩኝ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው።

ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የተካ አባት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ከተኛ ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ የዚያን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስም ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያነሳው፤ ዘመዱ እዚያ የተኛበትን ቤት ጎረቤት ይሸሸዋል። የተጋጣሚው ቡድን መሪ እናትም እዚያው ናቸው። ቅዳሜ ሁለቱም ሊጠይቁ ሄደው፣ ዝናብ ሲመጣ ሰውዬው ተካን በመኪናው ሸኘው። ይኸው ነው።

«ታዲያ ይህን ልጻፈዋ!» አልኩ።

እጄን ጨምድደው ያዙኝ። «ልጄን ሌባ ይበሉት። አባቱን ግን እንዳታወጣብኝ፤ ውኃ የሚያስቀዳን አናገኝም!»

አለቃዬ ምክንያት የሌለው እርማት አላትምም አለ። ካላተምክ ሥራውን እለቃለሁ አልኩት። በመጨረሻ የጠፋች በቅሎ ከሚፈልግ ማስታወቂያ ሥር አራት መስመር ሰጠኝ፦ «ስለ በረኛው የጻፍኩት ሳላጣራ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው»፤ ከነስሜ። ተካ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወደ ቡድኑም፣ ግን ተጠባባቂ ሆኖ። እኔን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

እርማቱ በወጣ ማግስት የቤት አከራዬ መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ይህን እንድትጽፍ ስንት አጎረሱህ?»

ልቆጣ ብዬ ተውኩት። እሳቸው እንኳ ከማውራታቸው በፊት ባለቤቱን መጥተው ጠይቀዋል።