የወይን ቦታው ፎቶና የእኛ ለቅሶ

ጠጋ በሉማ፣ ከበሩ ራቁ። መጋቢት ሲገባ የላስታ ዝናብ ይመጣም ይቀርም፤ ነፋሱ ግን አይቀርም። በልጉን እየጠበቅን ሰማይ ሰማይ የምናይበት ወር ነው፤ እጅ ሥራ ይፈታል። እጄ ሥራ ሲፈታ አፌ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ደግሞ ታውቃላችሁ።

እናንተ የዛሬ ልጆች «አላውቅም» ማለት ቀላል ይመስላችኋል። አይደለም። የማያውቁትን አላውቅም ማለትማ ማን ያቅተዋል? የሚያውቁትን ነገር ሰው መጥቶ ሲጠይቅ፣ ዓይንን ሳያሸሹ፣ ምራቅ ሳይውጡ፣ ጎረቤትን ሰረቅ አድርገው ሳያዩ «ኧረ እኔ አላውቅም» ማለት ሙያ ነው። በደርግ ጊዜ ይህን ሙያ ያልለመደ ሰው በእኛ አገር አልነበረም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላውቅምን ግን እስከ ጥግ ድረስ ተምሬዋለሁ። ትናንት እዚህ ማን አደረ? አላውቅም። ወንድምሽ ወዴት ሄደ? አላውቅም። ጎተራሽ ውስጥ ምን አለ? ኧረ ጓድ፣ ጨለማ ነው፣ እኔ የት አይቼው!

ታዲያ እንዲህ የሠለጠነ መንደር፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ያለውን ምስጢር ሁሉ ዘረገፈው። ማንም ሳይመታን። ማንም ሳይቆጣን። ደረት እየደቃን ዘረገፍነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት ላራሹ ከታወጀ ጥቂት ዓመት አልፏል። ከላሊበላ ወደ ታች ባለችው መንደራችን የድሮው ባለመሬት የፊታውራሪው እርከን ለሰባት አባወራ ተከፍሏል። አባወራ ስል አንዷ እኔ ነኝ፤ ባሌ ሞቶ ሦስት ልጅ ይዤ ቀርቼ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ በስሜ ቆርሶ ሰጠኝ። እናቴም አያቴም የሰው መሬት ሲኮተኩቱ ነው ያለፉት። የመጀመሪያውን ገብስ ያጨድኩ ቀን ነዶውን ታቅፌ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሕፃን የማጠባ መስሎት ፊቱን አዞረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጭ ዳር ውሃ ስንቀዳ ሊቀመንበራችን አያ ደምሴ እያለከለከ መጣ።

«እንስራችሁን አውርዱና ስሙኝ» አለ። «ከአዲስ አበባ የመጣ የእርሻ ባለሙያ አለ። የድሮ ፎቶ ይዟል።»

«ፎቶ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«ይበላል! መሬትሽን ይበላል!»

ነገሩን ሲያስረዳን ክው አልን። በድሮ ጊዜ፣ ጣሊያን ሳይመጣ፣ አንድ ፈረንጅ በየአገሩ እየዞረ የመኳንንቱን የወይን ቦታ ፎቶ ሲያነሳ ነበር አሉ። ፎቶዎቹ ከአንድ መጋዘን ተገኙ። የት እንደተነሱ ግን አልተጻፈባቸውም። መንግሥት ደግሞ ድሮ ወይን የበቀለበት መሬት ዛሬም ያበቅላል ብሎ፣ ቦታዎቹ ተለይተው ይታወቁና የመንግሥት እርሻ ይሁኑ አለ። ባለሙያው ፎቶውን ተሸክሞ፣ ከኋላ የሚታየውን ገደል ካለው ገደል ጋር እያስተያየ አገር ለአገር ይዞራል። ፍላቂት ሲጠይቅ «ኩልመስክ ነው» አሉት። ኩልመስክ ሲደርስ «ኧረ ጋሸና ነው» አሉት። ጋሸና «ላሊበላ ሂድ» አለችው። ተመልከቱ፣ አገሩ ሁሉ ሙያ አለው።

«የእኛ እርከን ነው» አለ አያ ደምሴ። «አፋፉን አየሁት፤ ቁልጭ ብሏል። አንድ ሰውዬም ቆሞበታል፣ ማን እንደሆነ እንጃ። ቦታው ከታወቀ ሰባታችሁም የቀን ሠራተኛ ናችሁ፤ ያውም ከቀጠሯችሁ። ነገ ሁላችሁም አላውቅም ትላላችሁ። ገባችሁ?»

ለእኛ! አላውቅምን ለእኛ ያስተምራል።

በማግስቱ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን፤ ክብ ሠርተን መሬት ላይ ተቀመጥን። ባለሙያው መጣ። አሁን ልብ በሉልኝ። መኪናው መንገድ ላይ ተሰብራበት ስንት ቀን በእግርና በበቅሎ ሲንከራተት ስለሰነበተ ጢሙን አልተላጨም። ካፖርቱ ጥቁር ነው። ነፋሱና አቧራው ዓይኑን አቅልቶት እንባው በመነጽሩ ሥር ይወርዳል። ፎቶው ደግሞ ተለቅ ያለ ነው፤ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ በእጅ አይነካም» አለና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ በክቡ ውስጥ ቀስ እያለ በየሰው ፊት ይዞር ጀመር።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ጢሙን ያሳደገ፣ ጥቁር የለበሰ፣ እንባው የሚወርድ ሰው፣ የሰው ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ በተቀመጠ ሕዝብ መሐል ሲዞር በእኛ አገር ምን ይባላል?

መጀመሪያ የተቀመጡት ወንዶች አላውቅም፣ አላውቅም እያሉ አሳለፉት። ብቻ አንዱ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሌላው ሳያስበው ነጠላውን አዘቅዝቆ አጣፋ። ሦስተኛው «አላውቅም» ብሎ ሲያበቃ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ጨመረለት። ባለሙያው «አመሰግናለሁ» አለና አለፈ።

ክፋቱ፣ የአባቴ እህት እትዬ ወርቄ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ያለ እሷ የተቀበረ ሰው በደንብ የሞተ አይመስለንም ነበር። አራስ ልጇን ልታርስ ሄዳ የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ስለሆነ የአያ ደምሴን ምክር አልሰማችም። ዓይኗም ደክሟል። ጥቁር ልብስ አየች፤ ደረት ላይ የተያዘ ፎቶ አየች፤ ሌላ ምን ትጠብቅ?

«ወየው!» ብላ ብድግ አለች። «ወየው ወንድሜ! ማንን ቀብረህ መጣህ? እኛስ ምነው ሳንሰማ!»

ባለሙያው ደነገጠና ቆመ። እትዬ ወርቄ ተነስታ ሴት ተቀምጣ አትቀርም፤ ነውር ነው። ሁላችንም ተነሳን። ደረት መድቃት ተጀመረ። አያ ደምሴ ከወዲያ «ሴቶች! ሴቶች! ስብሰባ ነው!» ይላል፤ ማን ሰምቶት። እኔም ነገሩ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ እጄ ደረቴን ይመታል፤ እጅ ከራስ ትእዛዝ የማይቀበልበት ጊዜ አለ።

ለቅሶ ደግሞ ያለ ስም አይሆንም። ማን ሞተ ተብሎ ይለቀስ? ወጣት ነው ሽማግሌ? እትዬ ወርቄ «እዪልኝ፣ ማነው ሟቹ?» ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ።

የበኩር ልጄን አየሁት። አስማረን። ጠዋት በሬ ጠምዶ የተውኩት ልጄ፣ እንስራ ተሸክሞ፣ በወይን ሐረግ መሐል ቆሞ ያየኛል። ግንባሩ፣ የቅንድቡ አገጣጠም፣ ያ ሊስቅ ሲል ወደ አንድ ጎን የሚሄደው ከንፈሩ።  ፎቶው ግን አርጅቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ልጄ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ማነው?

ኋላ ገባኝ፤ የፊታውራሪውን ወይን የሚኮተኩተው አባቴ ነበር። አባቴ ይመር የሞተ ጊዜ እኔ የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ነበርኩ። መልኩን አላውቀውም። እናቴ «ምን ይመስል ነበር?» ስላት «ሰው» ትለኝ ነበር እንጂ ሌላ አትለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ መልክ የሌለው አባት ነበረኝ። ይኸው አሁን መልክ አመጣ፤ ያውም የልጄን።

«አባዬ!» አልኩ። «ይመር አባቴ!»

አላውቅም ማለቴ ቀርቶ ይኸው ነው ያልኩት። አያ ደምሴ ራሱን ያዘ።

እትዬ ወርቄ የወንድሟን ስም ስትሰማ ሌላ ሰው ሆነች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መሐል ገብታ ሙሾውን አወረደችው፦

«በድንጋዩ መሐል ወይን ያበቀለ፣
ጋኑን ሁሉ ሞልቶ ለጌታ ያደለ፤»

እኛ ወይ ወይ እንላለን። እሷ አፋፉን በእጇ ታሳያለች፤ የፊታውራሪውን እርከን በስሙ ትጠራለች፤ የወይኑን ብዛት ትቆጥራለች። ባለሙያው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኋላ ፎቶውን በብብቱ ሸጎጠ፣ ደብተር አወጣ፣ ይጽፍ ጀመር። እሷ ታሞግሳለች፣ እሱ ይጽፋል። እያንዳንዷ ሙገሳ ከእግሬ ሥር አንዳንድ ጥማድ ስትወስድ ይታየኛል። የቀሩት ስድስት አባወራ ፊታቸው አመድ መሰለ።

እኔ ግን ሌላም ነገር አውቅ ነበር። የማውቀው ከእናቴ ነው። ስለ አባቴ ያጫወተችኝ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የፊታውራሪው ወይን ቅጠል እንጂ ፍሬ ኖሮት አያውቅም፤ በየዓመቱ ውርጭ ይመታዋል። ፊታውራሪው ግን ወይን አለኝ ብሎ በየግብሩ ይፎክራል። ፈረንጁ ፎቶ ሊያነሳ መምጣቱ ሲሰማ አባቴን ጠርቶ «ፍሬ ከሌለ ቆዳህን እገፍሃለሁ» አለው። አባቴ አህያ ነድቶ ቆላ ወረደ፤ የወይን ዘለላ በቅርጫት አመጣ፤ የእናቴን ፈትል ወስዶ እያንዳንዱን ዘለላ ሐረጉ ላይ አሰረው። እናቴ የምትቆጨው ለጋቢ የፈተለችው ድር በዚያ ስላለቀ ነበር።

አሁን ይህን ልናገር? ሟች እኮ ይሞገሳል እንጂ አይጋለጥም። ሌባ እንኳ ሲሞት «እጁ የማይሰንፍ» ተብሎ ይለቀስለታል። አባቴን ዕድሜ ልኬን አግኝቼው አላውቅም፤ ያገኘሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ባገኘሁት ቅጽበት በሕዝብ ፊት አታላይ ነው ልበለው? ዝም ብል ደግሞ ደብተሩ መሬቴን ይዞ ይሄዳል።

ደረቴን መታሁ። አፌ ተከፈተ።

«ውርጭ የበላውን ወይን ለማን ይናገረው፣
የቆላውን ዘለላ በፈትል አሰረው!»

  እንዲህ ያለ ሙሾ በላስታ ምድር ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ወርቄ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደካማ ነው ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን እስከ አጥንቴ ድረስ አየችኝ።

ባለሙያው ብዕሩን አቆመ። «ምን አሉ እናቴ?»

«የሰሙትን ነው ጓድ» አልኩት። «ፍሬው የታሰረ ነው። በእናቴ ፈትል።»

ከኪሱ አጉሊ መነጽር አውጥቶ ፎቶው ላይ ተደፋ።  ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል። «ክር አለ» አለ፣ ለራሱ ነው የሚናገረው። «እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በየዘለላው ላይ ክር አለ!» ጓድ ሆኖ እግዚአብሔርን የጠራ ባለሥልጣን ያን ቀን ነው ያየሁት።

የደብራችን አገልጋይ አባ ወልዴ ብድግ አሉ። «እኔም ልናገር ካልከኝ ልጄ፣ እዚህ አገር ወይን ቢኖርማ ኖሮ አባቴ ለቅዳሴ ዘቢብ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ሲዞር አያረጅም ነበር» አሉ።  ባለሙያው የጻፈውን ገጽ ቀደደ፤ ለእኛ ማዘኑ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ጠረገ። «እስካሁን በሌላ አገር ስድስት ቦታ ለይቻለሁ» አለኝ። «እነዚያስ? እነዚያንም ሄጄ ልይ?» ምን ልበለው። አላውቅም አልኩት። የምሬን ነበር።

ፎቶውን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። የመንግሥት ነው አለ። ግን እስኪነሳ ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። እርከኑ ተረፈልን። እትዬ ወርቄ ከእኔ ጋር አፍ ለአፍ ሳትገናኝ ሁለት ዓመት ቆየች፤ ቤቴ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። በሁለተኛው ዓመት ወልድያ የመንግሥት አዳራሽ ውስጥ የፎቶ ትርኢት ተከፈተና የአባቴ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ተባለ፤ ከሥሩም በጌቶች የተበዘበዘ ገበሬ የሚል ተጽፎበታል አሉ። እትዬ ወርቄ ወንድሟ መንግሥት ግድግዳ ላይ መውጣቱን ስትሰማ ስንቋን ቋጥራ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ሙሾ አውርዳ በጥበቃ ተይዛ ወጣች። ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጥታ ውሃ ጠየቀች። ስለዚያ ነገር ግን አልተነጋገርንም። በረሃቡ፣ በክፉው ቀን፣ እሷም አለፈች፤ ያለቀሰላት ሰው ሁሉ ግጥም ይጎድለው ነበር።

አያ ደምሴ መንግሥት ሲለወጥ ከሊቀመንበርነት ወረደ፤ ንብ እያነበ በሰላም ኖረ፣ በሰላም ሞተ። አባ ወልዴ ዓይናቸው ጠፍቶ እስከ መጨረሻው ቀደሱ። ባለሙያው ወዴት እንደደረሰ የሰማ የለም።

አስማረን ለውትድርና ወሰዱት። ወደ ሰሜን ነው የሄደው። ደብዳቤ አንድ ጊዜ መጣ፤ ኋላ ቀረ። ደርግ ሲወድቅ በእግሬ ወልድያ ወርጄ አዳራሹን አስከፈትኩ፤ የልጄን መልክ የያዘ ያ ፎቶ ብቻ ነበርና። ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፣ ፎቶ የለም። ዘበኛውን ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ፤ ዓይኑን አላሸሸም።

መሬቱን ሴት ልጄ ታርሰዋለች። ዘንድሮም ገብስ ነው የዘራችበት።