የምቀመጥበት ጣዖት

ስለ ጣዖት የሚናገረው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ሲነበብ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል። እናንተ እንዲህ አታደርጉ ይሆናል። እኔ አደርጋለሁ።

ጂንካ የመጣሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው፤ ከየት እንደሆነ ይቅር። ቀን አሸዋ እሸከማለሁ፤ ማታ በጸሎት ቤቱ ዕቃ ቤት፣ መሬት ላይ እተኛለሁ። ትራሴ ጡብ ነበር። አንድ ቀን ቀይ አፈር ከተማ ገበያ ጭነት ላወርድ ሄጄ፣ እዚያም ጡብ ተንተርሼ ያየኝ የበና ብሔረሰብ ሰው በርኩማውን ሰጠኝ። በርኩማ የበና ወንድ ከእጁ የማይለያት አጭር የእንጨት መቀመጫ ናት፤ ሲተኛ ትራስ ትሆነዋለች። በዚያ ዘመን ሳልለምን የተሰጠኝ ዕቃ እሷ ብቻ ነበረች።

የኅብረታችን መሪ ወንድም ታደሰ ስለ ጣዖት አንድ ወር ሙሉ ሲያስተምረን ከርሞ፣ «እሁድ ሁሉም ልቡን የያዘውን ነገር ያምጣ፤ እናቃጥለዋለን» አለ። አንዱ የሲጋራ ፓኮ አመጣ። ሌላው የድሮ ፍቅረኛውን ፎቶ፤ ሚስቱ አጠገቡ ስለቆመች ፎቶው ሳይውል ሳያድር ነደደ። እኔ ባዶ እጄን ቆምኩ። ታደሰ ዕቃ ቤት ገብቶ በርኩማዬን ይዞ ወጣ።

«ይህ ምንድነው?»

«ትራሴ ነው፣ ወንድም ታደሰ።»

«የተቀረጸ እንጨት ነው።»

ጎመን የሚሸጡት እትዬ አስቴር ጣልቃ ገቡ። «አንተ ልጅ፣ ትቀመጥበታለህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ታደሰ፣ ቂጥ የሚያርፍበት አምላክ እኔ አይቼ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። ታደሰ አልሳቀም። «እንጸልይበትና እንወስናለን» ብሎ በርኩማዬን እሳቱ ዳር አኖራት።

ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አንዱን ብቻ። ስለ ዝናብ ተጸለየ፣ ስለ ሕመምተኞች፣ ወደ ሃና ከተማ ስለሚሄዱ መንገደኞች፤ አንዱንም አልሰማሁም። ፍም በተፈናጠረ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ያኔ ነው የገባኝ፦ እንጨቷ ጥፋት የለባትም። እኔ እሷ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ግን ልቤ ላይ ተቀምጣለች።

ቀና ስል የታደሰም አንድ ዓይን ክፍት ነው። አንስቼ እንዳልሮጥ እኔን ይጠብቃል። ተያየን። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን።

«አሜን» እንደተባለ በርኩማዋን አንስቶ እጄ ላይ አኖራት። «ውሰዳት» አለኝ ጎንበስ ብሎ፤ «ያየኸውን ግን ለማንም እንዳትናገር።»

ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ሳነብ የተቀረጸ ነገር አልፈልግም። ዓይኔን ስጨፍን መልሶ የሚያስከፍተኝን ነው የምፈልገው፤ እሱም አይጠፋም። ስለ ታደሰ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ትንፍሽ አላልኩም።

እናንተም አደራ።