ስህተት ባዩ ጋሽ ቢያድግልኝ

ሁሉን ነገር የሚቃወም አንድ ሰው የሌለበት የቴሌግራም ግሩፕ እስካሁን አልተከፈተም። ተከፍቶም ከሆነ አባላቱ ሞተዋል ማለት ነው። የእኛው ግሩፕ «የጓሮ ጋራዥ» ይባላል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለን፣ በሥራ ቀን አስተማሪና የባንክ ሠራተኛ፣ በእረፍት ቀን ግን የገዛ መኪናችን ሥር ተንጋለን የምንውል ሰዎች ምክር እንለዋወጥበታለን። የእኛ ተቃዋሚ ደግሞ ክቡር ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው፤ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የራዲያተርና የፍሬን ሊቀ ሊቃውንት።

ማንም ምንም ቢጽፍ ከሥሩ አንዲት ቃል ትመጣለች፦ «ስህተት።» ቃሏን ተከትሎ የድምፅ መልእክት ይለቀቃል። መልእክቱን አዋሽ ላይ ማዳመጥ የጀመረ ተሳፋሪ አዳይቱ ሲደርስ ገና መግቢያው ላይ ነው።

የአገራችን ሙቀት የታወቀ ስለሆነ፣ ሞተር እንዳይግል ብሎ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነቅሎ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። የሎጊያው ፍሬምናጦስም የነቀለውን ፎቶ አንስቶ «ተገላገልኩ!» ብሎ ለጠፈ። «ስህተት። ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት አያገኝም፣ ነዳጅ ይበላል» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። ግሩፑ ለሁለት ተከፍሎ ሳምንት ሙሉ ተነታረከ። በመጨረሻ ፍሬምናጦስ እጁን ሰጥቶ «እሺ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ» ሲል፣ አሁንም «ስህተት» አሉ። ለካ የሚገጠመው አዲስ እንጂ አሮጌው አይደለም።

የሚገርመው የራሳቸው መኪና ነው። ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ የተሰቀለች ቮልስ አለቻቸው። ሄጄ አይቻታለሁ፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «መቼ ትነሳለች ጋሼ?» ብላቸው፣ «መኪና ማስነሳትማ ማንም ያስነሳል፤ ዋናው ማቆሙ ነው» አሉኝ።

ባለፈው የካቲት በሞተር ዘይት ውፍረት ከአንዱ ጋር ተጣሉና ግሩፑን ጥለው ወጡ። እፎይ አልን። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሁሉንም «ልክ ብለሃል ወንድሜ» ይላል፤ አበባ ይላካል፤ አውራ ጣት ይቀሰራል።

አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ኢስማኢል ግሩፑ ላይ ጻፈ። የእህቱ ልጅ ሠርግ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ ነው። ቤተሰቡን ሊያሳፍር ሲል የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ አገኘው። ሱቅ እስኪከፈት ቢጠብቅ ኒካሁ ያመልጠዋል። ምክሩ ወዲያው ጎረፈ፦ «ኦሞ በጥብጠህ ሙላበት! የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሲቸግረው በሳሙና ውሃ አይደል የሚነዳው?» ሁሉም ተስማማ። ኢስማኢልም «አልሐምዱሊላህ፣ እየሞላሁ ነው» ብሎ መለሰ።

እኔ ስለ ፍሬን እምብዛም አላውቅም። ግን ያ ሁሉ አውራ ጣት አስፈራኝ፤ ለጋሽ ቢያድግልኝ ደወልኩላቸው።

«አቤት፣ ምን ፈለጋችሁ?» አሉኝ እንዳኮረፉ።

ነገርኳቸው። ኩርፊያው በአንድ ጊዜ ጠፋ።

«ሰው ጭኖ? ውሃ እኮ ነው! በዚህ ሐሩር ፍሬን ሲደጋገም ይፈላል፤ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ነው፤ መኪናው አይቆምም። ሩጥ እንጂ!»

ሮጥኩ። ኢስማኢል ሞተሩን አስነስቶ ከግቢው ሊወጣ ነው። ኋላ ልጆች ተደራርበዋል፤ ባለቤቱ ሰኢዳ ሕፃን ታቅፋ ፊት ተቀምጣለች። መንገዱን ዘግቼ ቆምኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በመስኮት አስገባሁት።

«ጋሼ፣ አባቴ በሳሙና ውሃ ዲቾቶ ደርሶ ተመልሷል፣ ወላሂ!» አለ ኢስማኢል።

«አባትህ ብቻውን ነበር?» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ።

ኢስማኢል ወደ ኋላ ዞር ብሎ ልጆቹን አየ። «ኢንሻአላህ እንደርሳለን። ሰው እየጠበቀን ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይሄኔ ሰኢዳ በሩን ከፈተች። «እኔ ሳሙና የማውቀው ለልብስ ነው» ብላ ወረደች። ልጆቹም ተከተሏት። ኢስማኢልም ሞተሩን አጠፋ፤ እየተነጫነጨ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣ።

በዚያች መኪና ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? እኔንጃ። በሰላም ይደርሱም ይሆናል። ግሩፑ ዛሬም ይከራከርበታል፤ ጋሽ ቢያድግልኝም ተመልሰው ገብተው ደህና አድርገው እየተጣሉበት ነው። እኔ በበኩሌ ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ። ብዙዎቻችን ምክር የምንሰጠው አዋቂ ለመባል ነው። እሳቸው ለምን እንደሚከራከሩ የገባኝ ግን ያን ዕለት ስልኩን ልዘጋ ስል ነው። ገና መጠየቃቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ወረዱ?»

«ወርደዋል ጋሼ።»

«ልጆቹም?»

«ሁሉም።»

«እስቲ ቁጠርልኝ» አሉኝ።

ግቢው መሀል ቆሜ፣ አንድ በአንድ በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጠርኩላቸው።